አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች፣ ሠራተኛዋስ?

ፊኒክስ_ፓርክ ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ስዊዘርላንድ ስናወራ አንዱ "ገለልተኛ አገር ማለት ሌላው ሲተላለቅ ቁጭ ብሎ ብር የሚቆጥር ነው" ብሎ ጥሎ ሄደ፣ እኔ ደሞ ደብሊን ስለምኖር ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። አየርላንድም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች እኮ። ግን የቆጠረችው ብር የት አለ? 1943 ላይ የፋብሪካ ምርቷ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው በሩብ ያህል ወርዶ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴ ቫሌራ አንገባም አሉ። አገሪቷ ግን ውቅያኖስ የሚያቋርጥ የራሷ መርከብ የላትም ማለት ይቻላል፣ ከሰሉም ቤንዚኑም ሻዩም ማዳበሪያውም የሚመጣው ወይ ከእንግሊዝ ነው ወይ በእንግሊዝ በኩል ነው። ቸርችል ወደቦቹን አጥብቆ ይፈልጋቸው ነበር፣ እምቢ ሲሉት 1941 መግቢያ ላይ ጭነቱን ቆረጠባቸው። ሻይ በሰው በሳምንት ግማሽ አውንስ ገባ፣ ያ ማለት 14 ግራም ነው፣ እዛ ማዶ እየተዋጋ ያለው እንግሊዛዊ እንኳን 2 አውንስ ያገኝ ነበር፣ ሻይ ሳይጠጣ ራሱን የሚያመው ሕዝብ ነው ደሞ ይሄ። ነጭ ዳቦ ጠፋ። በ1943 የግል መኪና ጭራሽ ከመንገድ ወጣ።

ከሰል ሲጠፋ ወደ ረግረጉ ዞሩ። ተርፍ ይሉታል፣ ከረግረግ እየተቆረጠ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚነድ ጥቁር አፈር ነው። ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ያለው ትልቁ መንገድ ግራና ቀኙ ሙሉ የተርፍ ክምር ነበር፣ የድሮ ፎቶ ላይ ብታዩት ከቤት ይበልጣል። ዝናቡ እላዩ ላይ ይወርዳል፣ ሰዉም እርጥቡን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፣ ጭሱ ብቻ።

የጋዙ ነገር ደሞ ይገርማል። የከተማ ጋዝ ከከሰል ስለሚሠራ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይለቀቅና ይዘጋል። ሲዘጋ ግን ቱቦው ውስጥ ትንሽ ነገር ትቀራለች፣ እናቶች በሷ ሹክክ ብለው ሻይ ያፈላሉ። ክልክል ነው። ለዚህ የተመደበ ተቆጣጣሪ ነበር፣ ቤት ለቤት እየዞረ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ እጁን ምድጃው ላይ ያሳርፋል፣ ብረቱ ሞቅ ካለው ጋዝሽ ተቆረጠ። ሰፈር ጫፍ ላይ ብቅ ሲል ልጆች "መጣ መጣ" እያሉ ይሮጣሉ፣ እናቶች ምድጃው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጥላሉ።

ታዲያ ሠራተኛው ምን በልቶ ኖረ? ወጣ። እንግሊዝ ሄዶ ጥይት ፋብሪካ ገባ፣ ኤርፖርት ቆፈረ፣ ሴቷም ነርስ ሆና ሆስፒታል ገባች። ለእኔ አየርላንድ የጦር ኢንዱስትሪ አልነበራትም ሲሉኝ አልቀበልም። ነበራት፣ ግን ፋብሪካው ኮቨንትሪና በርሚንግሃም ነበር ያለው። እስቲ ሐሳባችሁን።

ሸገር_ቀለበት ጻፈ፦

ይቅርታ ወንድሜ ግን ብር ያልቆጠረችው የምትሸጠው ስለሌላት ነው እንጂ ጨዋ ስለሆነች አይደለም። ስዊድን የኪሩናን ብረት ለሂትለር በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ስትጭን ነበር። ስዊዘርላንድ የኦርሊኮንን መድፍ ሸጠች፣ ወርቁንም ተቀበለች። ቱርክ ክሮሟን እስከ 1944 ሚያዝያ ለጀርመን ስትልክ ቆይታ ማን እንደሚያሸንፍ ሲገባት አቆመች። ፖርቱጋልም ቮልፍራም ለሁለቱም። አየርላንድ ምን ነበራት? ላምና ድንች። ብረት ቢኖራት ትሸጥ ነበር በቃ።

በነገራችን ላይ ኦርሊኮንን የኛም ሰዎች ያውቁታል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከነበሩን ጥቂት የአውሮፕላን መምቻዎች ውስጥ የነሱ ነበረበት።

ጎሹ_77 ጻፈ፦

14 ግራም ሻይ በሳምንት 😂 የኛ ሰፈር ሻይ ቤት ለአንድ ጀበና የሚጨምረው ነው

መምህር_ጡረተኛ ጻፈ፦

ልጆች፣ ሸገር ያለው ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ግን ላርመው።

አየርላንድ የምትሸጠው ነበራት፤ ከብት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ገብስ። ያልነበራት ሁለተኛ ገዢ ነው። ስዊድን ብረቷን "ካልሆነ ለዛኛው እሰጣለሁ" ብላ መደራደር ትችላለች፣ ለአየርላንድ ገበሬ ግን ከእንግሊዝ ሌላ በሩን የሚያንኳኳ የለም፣ ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። በዛ ላይ በ1941 አፍተግር ከብቱ ላይ ገባና ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ከብት ለወራት ተዘጋ። የሸጡትም ቢሆን የሚከፈላቸው በፓውንድ ነው፣ የነሱ ፓውንድ ከእንግሊዙ ጋር አንድ ለአንድ የታሰረ ነበር፣ ብሩ ለንደን ባንክ ውስጥ ይከማቻል እንጂ በሱ የሚገዛ ማሽን የለም፣ ከሰል የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ፊኒክስ የት አለ ያልከው ብር እንግዲህ እዛ ነበር፣ ወረቀት ላይ።

መንግሥትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሾን ሌማስ የሚባል ሚኒስትር ነበር፣ ጦርነቱ እንደጀመረ የአቅርቦት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ እሱ ተሾመ፣ ከስኳር እስከ ጫማ ሶል በሱ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ገበሬ ከመሬቱ ይሄን ያህሉን እህል የማረስ ግዴታ ተጣለበት፣ ካላረስክ መንግሥት መሬትህን ወስዶ ያሳርሰዋል፤ የስንዴው መሬት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ1941 መጋቢት ደግሞ አይሪሽ ሺፒንግ የሚባል የመርከብ ድርጅት አቋቋሙ፣ ከየወደቡ የተጣለ አሮጌ መርከብ ሰብስበው፣ ቀለም ቀብተው፣ በጎኑ የአገሪቷን ስም በትልቁ ጽፈው፣ ባንዲራ ሥለው፣ ሌሊት መብራት አብርተው "እኛ ገለልተኛ ነን" እያሉ ስንዴ ፍለጋ አትላንቲክን ያቋርጡ ነበር። አይሪሽ ፓይን የምትባለው በ1942 ኅዳር በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ 33ቱም ሠራተኞቿ አለቁ። የተጻፈው ስም አላዳናቸውም።

ኮቨንትሪ_ነኝ ጻፈ፦

እኔ ያለሁት ኮቨንትሪ ነው፣ ስሙ ሲጠራ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ አይሪሽ ክለብ፣ አይሪሽ ቤተክርስቲያን፣ ምን የሌለ አለ፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ወይ አያቶቻቸው በዛ ሰዓት የመጡ ናቸው።

ስለ አመጣጣቸው የማውቀውን ልበል። በ1941 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፣ የእንግሊዝ የሥራ ሚኒስቴር ደብሊን ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ሰው ይመለምል ጀመር፣ በግሩፕ በግሩፕ። ገለልተኛ መንግሥት ለአንዱ ተዋጊ አገር የሰው ኃይል በውል አቀረበ ማለት ነው። በጋዜጣ ብዙ እንዳይወራ ደሞ ሳንሱሩ ጥብቅ ነው። ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልግሃል፣ ፈቃዱን የሚሰጥህ ያንተው መንግሥት ነው፣ ሁሉም ደሞ አያገኝም፤ ገበሬ ከሆንክ፣ ተርፍ መቁረጥ የምትችል ከሆንክ አትወጣም፣ አገር ትፈልግሃለች። በከተማ ሥራ ፈተህ የተቀመጥክ ከሆነ ግን መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። በጦርነቱ ዓመታት ከ150 ሺህ በላይ ፈቃድ ነው የተሰጠው፣ የሕዝቡ ቁጥር ደሞ 3 ሚሊዮን አይሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ለሥራ ብሎ የመጣ አይሪሽ 2 ዓመት እስኪሞላው ውትድርና አይነካውም፣ ከዛ በኋላ ከቆየ ግን ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ቀን ይቆጥራሉ፣ 2 ዓመቱ ሲጠጋ ወደ አገር ይመለሳሉ። የነሱ ብር ቆጠራ ይቺ ነበረች።

ሐና_የኩዌት_ተመላሽ ጻፈ፦

ኮቨንትሪ ወንድሜ የጻፍከውን ሳነብ ገረመኝ፣ የኛ ታሪክ ነው እኮ። ስምምነት፣ ፈቃድ፣ ምልመላ፣ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ። ሜዲካልስ ነበራቸው? እኔ ስሄድ ደም፣ ራጅ፣ አሻራ፣ ከዛ አንድ ክሊኒክ ውጤቴን አጥፍቶብኝ እንደገና ክፈይ ተብዬ ነበር። እና ደሞ ብሩን በምን ይልኩ ነበር? ቤተሰብስ በአግባቡ ይደርሰው ነበር ወይ?

ፊኒክስ_ፓርክ ጻፈ፦

ሐናዬ ሜዲካሉማ ካንቺም የባሰ ነው። በ1943 ተስቦ ገባ ተብሎ እንግሊዞች ስለፈሩ፣ የሚወጣው ሠራተኛ ሁሉ በጤና ምርመራ እንዲያልፍ ተደረገ። ደብሊን ውስጥ አይቪ ባዝስ የሚባል የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበረ፣ ሕንጻው ዛሬም ከሴንት ፓትሪክ ካቴድራል አጠገብ ቆሟል፣ ፊቱ ቀይ ጡብ ነው። ወንዶቹን እዛ አስገብተው ልብሳቸውን አስወልቀው፣ ልብሱ ለብቻው በሙቀት ይቀቀላል፣ እነሱ ራቁታቸውን ቆመው ፀጉራቸው፣ ብብታቸው ይፈተሻል፣ ቅማል የተገኘበት ይላጫል፣ ይቀባል፣ ከዛ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ያንን ወረቀት ሳይዝ መርከብ አይወጣም። አስቢው፣ አብዛኛው ከገጠር የመጣ፣ ሚስቱ ፊት እንኳን ልብሱን አውልቆ የማያውቅ ሰው ነው። ይሄን የሚያደርገው ደሞ የራሱ መንግሥት ሐኪም ነው፣ እንግሊዙ አይደለም።

ብሩን በፖስታ ቤት ሐዋላ ነበር የሚልኩት። ሰኞም ማክሰኞም የምዕራብ አውራጃ ፖስታ ቤቶች በር ላይ ሚስቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሜዮና ዶኒጋል አካባቢ ያሉ ሱቆች በዱቤ የሚሰጡት የሐዋላውን ቀን እያዩ ነበር ይላሉ።

ሸገር_ቀለበት ጻፈ፦

እና ይሄ ነው ገለልተኝነት? መንግሥት የራሱን ዜጋ ቅማሉን አራግፎ ለጦር ፋብሪካ ሲያስረክብ? ወታደር አልላክንም ብሎ ሠራተኛ ከላከ ምን ልዩነት አለው? ወታደሩም ቢሆን በአስር ሺዎች የሚቆጠር አይሪሽ የእንግሊዝን ዩኒፎርም ለብሶ ተዋግቷል። ዴ ቫሌራ ሕዝቡን አልተከላከለለትም፣ ሸጠው።

መምህር_ጡረተኛ ጻፈ፦

ሸገር ረጋ በል። "ሸጠው" ለማለት ሌላ ምርጫ እንደነበረው ማሳየት አለብህ። ከሰል የለም፣ ብረት የለም፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ጎዳና ላይ ነው። ከልክሎ ቢያስቀምጠው ምን ያበላዋል?

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። በ1941 ግንቦት በአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ቁጥር 83 ደሞዝ እንዳይጨመር ታገደ። ዋጋ ግን ሽቅብ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የኑሮ ውድነቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ጨምሮ ነበር፣ ደሞዝ የዛን ግማሽ እንኳን አልተራመደም። ስለዚህ ሰውየው የሚወጣው ሥራ ስላጣ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ያለውም ደሞዙ ስለተቆለፈበት ይወጣል። መንግሥት በአንድ እጁ ደሞዙን ይቆልፋል፣ በሌላ እጁ የጉዞ ፈቃድ ይፈርማል። የሠራተኛ ማህበራቱን የሚያጠብቅ ሕግ ሲመጣ የደብሊን ሠራተኛ በዛው በጋ ሰልፍ ወጣ፣ የ1913ቱ አድማ መሪ ጂም ላርኪን፣ ሸምግሎ ሳለ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ረቂቁን በእሳት አቃጠለው። ሕጉ ግን ጸደቀ።

እና የሥራ አጥ ቁጥር ቀነሰ ብለው ይኩራራሉ። ሥራ አጡ ማዶ ተሻግሮ ነው እኮ የቀነሰው!

ትዕግስት_ኮርክ ጻፈ፦

ኮርክ ያለን ሰዎች ነን እዚህም 🙋 የፎርድን ነገር ማንም አላነሳም። ፎርድ እዚህ ኮርክ ላይ ፋብሪካ የከፈተው በ1917 ነው፣ ትራክተር ይሠራ ነበር፣ የሄንሪ ፎርድ አባት ራሱ ከዚህ አውራጃ የሄደ ስለሆነ። ጦርነት ሲመጣ ብረትና ዕቃ አይገባም፣ ፋብሪካው ቆመ ማለት ይቻላል፣ ለንደን አጠገብ ያለው የፎርድ ዳገናም ግን ለጦሩ መኪና እያመረተ ሰው ይፈልጋል። የኮርክ ልጆች እዛ ሄዱ። ያው ድርጅት፣ ያው ሥራ፣ ደሞዙ ግን የትና የት።

በበጋ እረፍት ሲመጡ ሰፊ ሱፍ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ አድርገው፣ ብር እየበተኑ ስለሆነ ሰፈሩ "ዳገናም ያንኪ" ይላቸው ነበር። አሁንም ሽማግሌዎች ያነሱታል፣ ግማሹ በፍቅር ግማሹ በቅናት። የኛ የዱባይ ተመላሽ ቦሌ ሲወርድ ያለውን ታውቁት የለ።

ሐና_የኩዌት_ተመላሽ ጻፈ፦

ሃሃሃ ትዕግስት አታስቂኝ፣ እኔማ በአንድ ሻንጣ ነው የመጣሁት

ኮቨንትሪ_ነኝ ጻፈ፦

ሌላ ማየት ያለባችሁ ነገር ሰሜኑ ነው። ሰሜን አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር ስለሆነች ጦርነት ውስጥ ናት። ቤልፋስት ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ላይ መርከብ ይሠራል፣ ሾርት ብራዘርስ ላይ ስተርሊንግ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይገጣጠማል፣ ሥራ አጡ ቀለጠ። አንድ ደሴት ላይ፣ በባቡር ሁለት ሦስት ሰዓት ርቀት፣ አንዱ ጋ የሰው ያለህ ይባላል አንዱ ጋ ተርፍ ይጨሳል። ከደቡብ ወደዛ ተሻግሮ መሥራትም ፈቃድ ነበረው፣ እንደልብ አይደለም።

ግን ዋጋ ከፍለውበታል። በ1941 ሚያዝያ ቤልፋስት በአንድ ሌሊት ወደ 900 ሰው አለቀ። ዴ ቫሌራ ድንበር አቋርጠው እንዲሄዱ አዘው የደብሊን የእሳት አደጋ መኪኖች ሌሊቱን ወደ ሰሜን ከነፉ። ሸገር፣ ሁለቱንም አብረህ አስብ እንግዲህ፣ ሥራውንና ቦምቡን።

አቤል_ዲሲ ጻፈ፦

ዴ ቫሌራ ከኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አለ፣ እንዴት እስካሁን አልተነሳም? በ1935 ጣሊያን እኛን ልትወር ስትል ጄኔቫ ላይ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃሉን ካልጠበቀ አለቀለት ብሎ የተናገረ ሰው ነው። የሙሶሎኒ ደጋፊ በበዛበት ካቶሊክ አገር፣ "ቫቲካን ያለችበትን አገር ትቀጣለህ ወይ" እየተባለ፣ ማዕቀቡን በሕግ አጸደቀ።

ከዛ እኛ ወደቅን። ጃንሆይ በ1936 ሰኔ መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ያን ንግግር ካደረጉ ከሁለት ቀን በኋላ ዴ ቫሌራ እዛው መድረክ ላይ ተነስቶ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው፤ ትንንሽ አገሮች የትልልቆቹ መሣሪያ ከመሆን ይጠበቁ፣ ወደማይፈልጉት ጦርነት የሚጎትታቸውን በተቻላቸው ሁሉ ይቃወሙ የሚል ነበር ሐሳቡ። ገለልተኝነቱ ከምን እንደመጣ ለማወቅ የኛን ውድቀት ማየት ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ማኅበሩ ለኢትዮጵያ ምን እንዳደረገላት አይቶ ነው ለአየርላንድ ማን ይደርስላታል ያለው። ሸገር ይሄን ሳታነሳ "ሸጠው" ማለት ይከብዳል።

ሸገር_ቀለበት ጻፈ፦

አቤል ንግግሩን አውቀዋለሁ። ታሪኩ ግን እዛ ላይ አያልቅም። ብዙም ሳይቆይ ያው መንግሥት ሮም ለላከው አምባሳደር የሹመት ደብዳቤ ሲጽፍ ለጣሊያን ንጉሥና "ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ብሎ ነው ያስጻፈው። ቪክቶር አማኑኤልን ማለቱ ነው! ማዕቀቡን ካጸደቀ በኋላ።

አቤል_ዲሲ ጻፈ፦

እሱም እውነት ነው፣ በዛን ጊዜም በአገሩ ፓርላማ ተወቅሶበታል። ግን እስቲ በ1938 ያልተንበረከከ ማን ነበር? እንግሊዝም ያንኑ አድርጋለች።

ስቶክሆልም_ሰሜን ጻፈ፦

ስዊድን ስለተነሳች ልግባ። እዚህ ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ብረቱ ከኪሩናና ከየሊቫሬ ነው የሚወጣው፣ በጋ በሉሌኦ ወደብ ይወጣል፣ ክረምት ላይ ባሕሩ በረዶ ስለሚሆን በኖርዌይ በናርቪክ በኩል ይሄዳል፣ ናርቪክ ላይ በ1940 ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የዮተቦርዩ ኤስካኤፍ ደሞ ኩሽኔታ ይሠራል፣ ለጀርመን ይሸጣል፣ ለእንግሊዝም ይሸጣል፣ እንግሊዞች ፈጣን ጀልባና አውሮፕላን በሌሊት እየላኩ በጀርመኖች አፍንጫ ሥር ኩሽኔታ ጭነው ይወጡ ነበር። ያለ ኩሽኔታ ታንክም አውሮፕላንም ስለማይዞር ዕቃው ትንሽ ቢመስልም ዋጋው ወርቅ ነው።

እና ስደቱ እዚህ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። ወደ 70 ሺህ የፊንላንድ ልጆች መጡ፣ ኖርዌጂያን መጡ፣ የዴንማርክ አይሁዶች በ1943 በጀልባ ተሻገሩ፣ በ1944 ኢስቶኒያኖችና ላትቪያኖች። የደረሰው ሰው ጫካ ቆረጠ፣ እርሻ ገባ፣ ፋብሪካ ገባ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው አንድ ቦምብ ሳይነካው ቆሞ ሰው አነሰው፣ በ1947 ከጣሊያን ድረስ ሠራተኛ ሲያስመጡ ነበር። ሁለቱም ገለልተኛ፣ አንዱ ሰው ይልካል አንዱ ሰው ይቀበላል። ልዩነቱ ብረቱ ነው እንጂ ፖለቲካው አይመስለኝም።

ጎሹ_77 ጻፈ፦

ፖርቱጋልስ? ቮልፍራም ምንድነው ራሱ

መምህር_ጡረተኛ ጻፈ፦

ጎሹ ቮልፍራም ተንግስተን የሚባለው ብረት የሚወጣበት ድንጋይ ነው። ብረት መቁረጫና ታንክ የሚበሳ ጥይት ይሠራበታል፣ ጀርመን ደግሞ ከሩቅ ምሥራቅ የምታመጣበት መንገድ ሲዘጋባት ፖርቱጋልና ስፔን ላይ ተረባረበች። እንግሊዝ የምትገዛው ለመጠቀም ብቻ አይደለም፣ ጀርመን እንዳታገኘው ጭምር ነው፣ ዋጋው በሁለቱ ሽሚያ ሰማይ ነካ። ገበሬው ማሳውን ጥሎ ተራራውን በዶማ መቆፈር ጀመረ፣ ሌሊት ሌሊት በኮንትሮባንድ ይሸጣል። ፓናሽኬይራ የሚባለው ትልቁ ማዕድን የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፣ ከሱ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጀርመኖች የያዙት አለ፣ ጠላቶቹ በአንድ አውራጃ ተጎራብተው ሲቆፍሩ አስቡት። የፖርቱጋሉ መሪ ሳላዛር በ1944 ሰኔ ሽያጩን ዘጋው፣ ያ ሁሉ ቆፋሪ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ስለዚህ ስቶክሆልም፣ ማዕድን ያለው ሁሉ ስዊድን አልሆነም።

ትዕግስት_ኮርክ ጻፈ፦

የጊነስን ድርድር ሳትሰሙ አትበተኑ። በ1942 ስንዴ ሲያጥር የአየርላንድ መንግሥት ገብሱ ለዳቦ ይቅር ብሎ ብቅል ላይ ገደብ ጣለ፣ ቢራ ወደ ውጭ መላክንም ከለከለ። ቤልፋስት ላይ የሰፈሩ ወታደሮች ጥቁሩን ቢራ ሲያጡ ነገሩ ጦሩን አሳሰበው፣ ሻይ ከልክለው ያልተንቀሳቀሱት እንግሊዞች ለቢራ ሲሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እናንተ ስንዴ ስጡን እኛ ጊነስ እንሰጣለን። ስንዴው መጣ። 😂 ሸገር የምትሸጠው የላትም ላልከው መልስ ይሁንህ።

ጎሹ_77 ጻፈ፦

ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ይሄን ቢሰሙ ዓለምን ይገዙ ነበር

ሸገር_ቀለበት ጻፈ፦

የጊነሷን ተቀብያለሁ 😂 ግን ዋናው ጥያቄዬ አልተመለሰም። ያ ሠራተኛ ጦርነቱ ሲያልቅ ምን ሆነ? አገሩ ተመለሰ? በላከው ብር ምን ተሠራ?

ፊኒክስ_ፓርክ ጻፈ፦

ብዙው አልተመለሰም። ያኔማ መንግሥት ፈርቶ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ተመልሶ ሥራ አምጡ ቢል ምን እናደርጋለን ብሎ። እንግሊዝ ግን የፈረሰ ከተማ መገንባት ነበረባት፣ መንገድ አለ፣ አዲሱ የጤና አገልግሎት ነርስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የሄደው እዛው ቀረ፣ ያልሄደውም ተከተለው። ከ1951 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 400 ሺህ ሰው ወጣ፣ የሕዝቡ ቁጥር ወርዶ ወርዶ 2.8 ሚሊዮን ደረሰ። ከጦርነቱ ጊዜ የባሰ ማለት ነው፣ ቦምብም የለ፣ ራሽንም የለ።

ሐዋላው ቤት አደሰ፣ የሱቅ ዕዳ ከፈለ፣ ልጅ አስተማረ፣ የተማረው ልጅ ደሞ መርከቡን ያዘ። ፋብሪካ ሲሆን አላየሁም።

መምህር_ጡረተኛ ጻፈ፦

ለንደን ባንክ ውስጥ የተከማቸው ፓውንድም እንደዛው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ማሽን እንግዛበት ሲሉ እንግሊዝ ራሷ ማሽን የላትም፣ ዶላር የላትም፣ ዋጋው ደግሞ ንሯል፣ ከዛ በ1949 ፓውንዱ ከዶላር አንጻር ሲወርድ የነሱም አብሮ ወረደ። የአንድ አገር ሕዝብ ሻይ ሳይጠጣ ያጠራቀመው ቁጠባ ተሸረሸረ። አሜሪካ ለአውሮፓ ካዘጋጀችው የእርዳታ ዕቅድ፣ ከማርሻል ፕላን፣ ያገኙትም አብዛኛው ብድር ነው እንጂ ስጦታ አልነበረም።

ከዛ ዘመን ቆሞ የቀረ ነገር ካለ ተርፉ ነው። በ1946 ቦርድ ና ሞና የሚባል የመንግሥት ድርጅት ሆነ፣ ረግረጉን በማሽን እየቆረጠ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲያቀርብ ኖረ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ተብሎ የተርፍ ማመንጫው የተዘጋው እናንተ በምታውቁት ዘመን ነው።

ሐና_የኩዌት_ተመላሽ ጻፈ፦

ጋሼ መምህር ስለ ደሞዝ እገዳው ሌላ ካለዎት ይጻፉልን እስቲ። ሴቶቹስ? ነርሶቹና ጥይት ፋብሪካ የገቡት ሴቶች ከወንዱ እኩል ይከፈላቸው ነበር?

ኮቨንትሪ_ነኝ ጻፈ፦

እኩልማ አይከፈላቸውም ሐና፣ የእንግሊዝ ሴትም ራሷ እኩል አልነበረም የሚከፈላት። ግን አየርላንድ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ከምታገኘው ጋር ካየሽው የትየለሌ ነው። ነርስነት ደሞ እያስተማሩ ደሞዝ ይከፍሉ ነበር እዚህ፣ አየርላንድ ብዙ ሆስፒታል ግን ለመማር አንቺ ነሽ የምትከፍዪው፣ ድሃ ቤት የተወለደች ልጅ የት ታመጣለች። ለዛ ነው ጦርነቱ ቢያልቅም የነርሶቹ መንገድ ያልተዘጋው። በ1944 መጋቢት ጦሩ ኖርማንዲ ላይ ከማረፉ በፊት ወሬ እንዳይሾልክ ተብሎ ጉዞው ሁሉ ሲዘጋ፣ እረፍት ሄደው አየርላንድ የተያዙ፣ እዚህም ሆነው ቤተሰብ ማየት ያልቻሉ ብዙ ነበሩ። እስቲ የሴቶቹን ለብቻው ክፈቺው ሐና፣ እዛ እመጣለሁ።